የልጃችን ቡድን አሰልጣኝ ተባረረች፤ አሁንስ? ስለ አሜሪካ ኮሌጅ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማርች ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የእህቴ ልጅ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ከቤተሰባችን ጨዋታውን ከልቡ የሚከታተል እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ልጅ ያለው ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ለእኔ ይደውላል። ጥያቄው ከዓመት ዓመት ያው ነው። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ከማስረዳት ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለምንድን ነው ሁልጊዜ ማርች ላይ የሚያባርሩት?

ውድድሩ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይጀመራል። ማርች መግቢያ ላይ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጋጠሙ ኮሌጆች ስብስብ) የራሱን የጥሎ ማለፍ ውድድር ያካሂዳል። ደካማ ቡድን እዚያ የመጀመሪያውን ጨዋታ ይሸነፍና ዓመቱ በዚያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም። ተጫዋቾች ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወሩበት መስኮት ብዙም ሳይቆይ፣ ኤፕሪል ላይ ይከፈታል። ጥሩ ጥሩ አሰልጣኞችም የሚቀጠሩት በእነዚሁ ጥቂት ሳምንታት ነው። የዘገየ ኮሌጅ ገበያ ከተበተነ በኋላ እንደደረሰ ሰው የተረፈውን ይዞ ይመለሳል።

የእኛዋ ልጅ ቡድን ሐሙስ ማታ ተሸነፈ። ቅዳሜ ጠዋት «ከ20 ደቂቃ በኋላ ስብሰባ» የሚል ቴክስት ደረሳቸው። ግማሾቹ በነጠላ ጫማ ነው የሄዱት። የስፖርት ዳይሬክተሩ አራት ደቂቃ ያህል አወራ፣ ጥያቄ ካላችሁ አለ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም፣ ወጣ። ልጅቷ ከዚያ ስብሰባ የሚታወሳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው የበረዶ ማሽን ሲንኳኳ።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባል የለ? አዲስ አሰልጣኝ ምን ትፈይዳለች?

ይህን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ልክ ናት። እኔ ግን ከጉልቻው በፊት ስለ እንጨቱ እጠይቃለሁ። ኮሌጁ ለቡድኑ ስንት ብር መድቧል? ስንት ረዳት አሰልጣኝ ይቀጥራል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንት ዓመት ይታገሳል? እነዚህ ካልተለወጡ ማንም ይምጣ ማን፣ ወጡ ያው ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2008 ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ዶን ስቴሊን ቀጠረ። ስቴሊ ያኔም ቢሆን ተራ ሰው አልነበረችም። በ1996፣ በ2000 እና በ2004 በተጫዋችነት የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። በአቴንስ የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት የአሜሪካንን ባንዲራ ይዛ የገባችው እሷ ናት። ፊላደልፊያ ውስጥ ባለው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በስምንት ዓመት ውስጥ ስድስት ጊዜ ቡድኗን የአገሩ ዋንጫ ለሚወሰንበት ብሔራዊ ውድድር አብቅታለች።

እንዲህ ያለች ሰው መጥታ የመጀመሪያው ዓመት እንዴት ሆነ? 10 ድል፣ 18 ሽንፈት። በኮንፈረንሱ ውስጥ ብቻ ስናየውማ 2 ድል፣ 12 ሽንፈት ነው። ሁለተኛው ዓመት 14 ለ 15። አሁንም ከግማሽ በታች። በሦስተኛው 18 ለ 15 ሆነ። በአራተኛው 25 ጨዋታ አሸንፈው ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ ሆኑ። በ2014 ዩኒቨርሲቲው ካለባት ከኮሎምቢያ ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ካለችው ሆፕኪንስ የተገኘችው ኤጃ ዊልሰን መጣች። አገሩ ሁሉ የሚሻማት ልጅ የሰፈሯን ቡድን መረጠች። ዋንጫው የመጣው በ2017 ነው፤ ስቴሊ ከተቀጠረች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። በ2022 ደገሙት። በ2024 ደግሞ 38 ጨዋታ ተጫውተው 38ቱንም አሸነፉ።

ያ 10 ለ 18 በወጣ ሰሞን «ገንዘባችን ፈሰሰ» ያለ ደጋፊ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። እኔም ብሆን እል ነበር።

ስቴሊ ብቻዋን አይደለችም። ጣሊያን ተወልዶ በሰባት ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባው ጂኖ ኦሪዬማ በ1985 የኮኔቲከትን ዩኒቨርሲቲ ሲረከብ፣ ቡድኑ በታሪኩ ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈበት ዓመት አንድ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ዓመቱ 12 ለ 15 ሆነ። በ2025 ያነሳው ዋንጫ 12ኛው ነው። በዚያው 1985 ስታንፎርድ የገባችው ታራ ቫንደርቪርም 13 ለ 15 ነው የጀመረችው። በአምስተኛው ዓመት፣ በ1990፣ ሻምፒዮን ሆነች።

ታዲያ ኪም ሙልኪ በሁለት ዓመት ዋንጫ ያነሳችው እንዴት ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ አባቶች ናቸው፤ ትዕግሥት አያውቁም። እውነት ነው፣ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2021 ሙልኪን ሲቀጥር ቡድኑ 9 አሸንፎ 13 ተሸንፎ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቷ 26 ለ 6 ሆነች። በ2023 በፍጻሜው አይዋ ዩኒቨርሲቲን 102 ለ 85 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

በመሃል የተለወጠው ሕጉ ነው። ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረች ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሳትጫወት መቀመጥ ነበረባት። በ2018 ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው፣ መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚገቡበት መዝገብ ተከፈተ። ከ2021 ወዲህ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትዛወር ልጅ ወዲያው መጫወት ቻለች። በ2024 የቁጥር ገደቡም ተነሳ፤ ትምህርቷን በአግባቡ እስከያዘች ድረስ ደጋግማ መዛወር ትችላለች። በዚህ ላይ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። ስለዚህ ሙልኪ ከየቦታው የተዘጋጀ ተጫዋች ሰበሰበች። ዋናዋ ኤንጅል ሪስ የባልቲሞር ልጅ ናት፤ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የተዛወረችው። ዋንጫ ካነሱት መካከል ዘጠኙ ለቡድኑ አዲስ ነበሩ።

ለእውነት ያህል ግን ሙልኪ ፖርታል በሌለበት ዘመንም አድርጋዋለች። ቤይለር ዩኒቨርሲቲን በ2000 ስትረከብ ቡድኑ ያሸነፈው 7 ብቻ ነበር፣ 20 ተሸንፏል። በሚቀጥለው ዓመት ብሔራዊው ውድድር ውስጥ አስገባችው። እንዲህ ያለ ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። ልጃችሁ ያለችበት ኮሌጅ ግን ሙልኪን የሚከፍልበት ኪስ የለውም፤ ቢኖረውም ለፉትቦል ነው የሚያውለው።

አዲሷን የሚመርጠው ማነው?

በወረቀት ላይ የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ ይፈርማል፤ በብዙ ቦታ ቦርዱም ያጸድቃል። ትልልቆቹ አፈላላጊ ድርጅት በገንዘብ ይቀጥራሉ። ድርጅቱ ስም ያመጣል፣ ያለፈ ታሪክ ያጣራል፤ ደግሞም ዳይሬክተሩ ሥራ ላይ ካለች አሰልጣኝ ጋር በቀጥታ ሳያወራ ሐሳቧን ቀድሞ ይሰማለታል። ያላገቡ ሰዎች መካከል እንደሚሄድ ሽማግሌ ቁጠሩት። ትንንሾቹ ኮሌጆች ኮሚቴ ያቋቁማሉ። በኮሚቴው ውስጥ አንድ ሁለት ተጫዋች የሚያስገቡም አሉ። ልጃችሁ ከተጠየቀች እምቢ አትበል። ወላጅ ግን እዚያ ቦታ የለውም። ለዳይሬክተሩ ሦስት ገጽ ኢሜይል ስለጻፉ አባት ሰምቻለሁ። መልስ አላገኙም፤ ልጃቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ስታፍር ከረመች።

ያሸነፈችውን ቆጥሮ አሰልጣኝ መመዘን ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ቁጥሩ ያታልላል። ብዙ ሰው የማያውቀው «የገንዘብ ጨዋታ» የሚባል ነገር አለ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ትንሹን ኮሌጅ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሜዳው ይጠራዋል። ትንሹ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ በ50 ነጥብ ይሸነፋል፣ ቼኩን ይዞ ይመለሳል። ያ ገንዘብ ለስፖርት ክፍሉ በጀት ይገባል። ሽንፈቱ ግን የሚጻፈው በአሰልጣኟ ስም ነው። ስለዚህ ኖቬምበርንና ዲሴምበርን ተዉት። ከጃንዋሪ ወዲህ ከእኩዮቿ ጋር ያደረገችውን የኮንፈረንስ ጨዋታ ብቻ ተመልከቱ።

እኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አያለሁ። የቀድሞ ቡድኗ ውስጥ አንደኛ ዓመት የገቡት ልጆች አራተኛ ዓመት ላይ ስንቶቹ እዚያው አሉ? የየዓመቱ የተጫዋቾች ዝርዝር በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የአራት ዓመቱን ከፍታችሁ ስም ለስም አስተያዩ። ቡና አፍልታችሁ ሳትጨርሱ ያልቃል። በፖርታል ዘመን ጥቂት መልቀቅ የተለመደ ነው። በየዓመቱ ግማሹ ቡድን የሚጠፋ ከሆነ ግን ብታሸንፍም አንድ ነገር አለ።

ረዳቷን ማሳደግ ይሻላል ወይስ ከውጭ ማምጣት?

ቡድኑ የወደቀበትን ምክንያት ያየ ሰው ይመልሰዋል። ቤቱ ደህና ከሆነ የውስጥ ሰው ይሻላል። አይዋ ላይ ሊሳ ብሉደር በ2024 ጡረታ ስትወጣ የረጅም ጊዜ ረዳቷ ጃን ጄንሰን ተተካች፤ ማንም አልተገረመም። ቡድኑ በየዓመቱ እየወረደ ከመጣ ግን ረዳቷም የዚያው ወጥ አካል ናት። ከባድ ነው፣ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ከዋናዋ ይልቅ ረዳቷን ይወዳሉ። አልቅሰው የሚለምኑም አሉ።

ከዝቅተኛ ዲቪዥን (ኮሌጆች በስፖርት የሚመደቡበት ደረጃ ነው፤ ትልልቆቹ ያሉት አንደኛው ውስጥ ነው) ሰው ማምጣትን አትናቁ። ኪም ካልድዌል ግሌንቪል ስቴት የሚባል ትንሽ ኮሌጅን ይዛ በ2022 የሁለተኛ ዲቪዥን ዋንጫ አነሳች። ማርሻል ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ሠርታ በ2024 ቴነሲን ያህል ስም ያለው ቡድን ወሰዳት። አጨዋወቷ ያስቃል ይባል ነበር፤ አምስቱንም ተጫዋች በአንዴ አውጥታ አምስት አዲስ ታስገባለች። በመጀመሪያ ዓመቷ ከመጨረሻዎቹ 16 ውስጥ ገባች። በትንሽ በጀት፣ አውቶቡስ ራሷ እየተከራየች የሠራች ሰው ለተቸገረ ቡድን ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ረዳት ይልቅ የምትሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው።

ሴት መሆን አለባት?

ሕጉ አያስገድድም። ኦሪዬማ ወንድ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ። ትምህርት ቤቶች በስፖርትም ሴቶችን እኩል እንዲያስተናግዱ ያስገደደው ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ የወጣው በ1972 ነው። ያኔ ከሴቶች ቡድን አሰልጣኞች ከመቶ 90 የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ። ሥራው ገንዘብ ሲያስገኝ ወንዶቹ መጡ፤ የሴቶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ወረደ። በቅርጫት ኳስ ከሌላው ስፖርት ይሻላል። እህቴን ብትጠይቋት «ሴት ትሁን» ነው የምትለው። ልጅቷን ጠየቅኳት። «ስሜን በትክክል የምትጠራ ትሁን» አለችኝ። የቀድሞዋ ሁለት ዓመት ሙሉ አጣማ ነበር የምትጠራት።

የተባረረችው አሰልጣኝ ቀሪ ደመወዟን ታገኛለች?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ወይም ከፊሉን። ውሉ ውስጥ ያለ ጥፋት ብትሰናበት ስንት እንደሚከፈላት ተጽፏል። ብዙ ኮሌጅ የማይረባ አሰልጣኝ አንድ ዓመት የሚጨምርላት በርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፤ ማሰናበቻው ውድ ሆኖበት ነው። ዳይሬክተሩ «ሙሉ እምነት አለን» ሲል ስታነቡ የውሉን ቀሪ ዓመት አስሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ውሉ በአብዛኛው ስቴት ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው፤ ጠይቃችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ስለ ደመወዝ ከተነሳ አይቀር፣ ሳውዝ ካሮላይና በ2021 ለስቴሊ የሰባት ዓመት የ22.4 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ ከወንዶቹ አሰልጣኝ ጋር እኩል አደረጋት። በ2025 ደግሞ በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር አሳደገላት። የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ደመወዝ ከዚህ አጠገብ አይደርስም።

የልጃችን ስኮላርሺፕ ይነጠቃል?

ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ ስኮላርሺፑን የሰጠው ኮሌጁ ነው እንጂ አሰልጣኟ አይደለችም። እሷ ስለሄደች የዘንድሮው ገንዘብ አይቋረጥም። ጥያቄው የሚመጣው ዓመት ነው። ወረቀቱን አውጥታችሁ የአንድ ዓመት ነው ወይስ የብዙ ዓመት የሚለውን እዩ። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ከ2015 ወዲህ፣ በቀረው አንደኛ ዲቪዥን ደግሞ ከ2024 ወዲህ «አጨዋወትሽ አልጣመኝም» ተብሎ ስኮላርሺፕ አይቀነስም። በሁለተኛ ዲቪዥን ግን የአንድ ዓመት ከሆነ ላያድሱት ይችላሉ። የማያድሱ ወይም የሚቀንሱ ከሆነ እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅና ይግባኝ የምትልበትን ዕድል መስጠት ግዴታቸው ነው። ይግባኙን የሚሰማው ከስፖርት ክፍሉ ውጭ ያለ አካል ነው። ይህን መብት የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው።

ሦስተኛ ዲቪዥን ውስጥ ላሉት ይህ ጭንቀት የለም፤ እዚያ በስፖርት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም። ልጃችሁ የምታገኘው በውጤቷ ወይም በቤተሰብ ገቢ የተሰጠ ከሆነ ብትጫወትም ባትጫወትም የሷ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አዲስ አሰልጣኝ በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዷን ልጅ ለብቻ ቢሮ ትጠራለች። «እዚህ ብዙ የምትጫወቺ አይመስለኝም» የሚል ለስላሳ ቃል እዚያ ይነገራል። ይህ ስኮላርሺፑን መንጠቅ አይደለም፤ ግን ራሷ እንድትሄድ መግፋት ነው። ልጅቷ በዚያው ወንበር ላይ ሆና «እሺ፣ እለቃለሁ» እንዳትል ቀድማችሁ ምከሯት። የኛ ልጆች ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት ለምደዋል። «ከቤተሰቤ ጋር ልማከር» ማለት ብልግና እንዳልሆነ ንገሯት።

ወደ ፖርታል ትግባ?

አሰልጣኝ ሲቀየር ለተጫዋቾቹ የተለየ የመዛወሪያ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ያን ቀን ማታ መወሰን የለባትም። ፖርታል ከገባች ደግሞ ኮሌጁ የሚቀጥለውን ዓመት ስኮላርሺፕ ሊያቋርጥባት ይችላል፤ በሩን ከፍታ ወጥታ መመለስ በአዲሷ ፈቃድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለች ልጅ በየዓመቱ አለች። በጨዋታ 20 ነጥብ የምታገባ ከሆነ የሚጠራት አይጠፋም። ሁለት ነጥብ የምታገባና ሦስተኛ ዓመት ነርሲንግ የምትማር ከሆነ ግን በመጀመሪያ የሚዛወርላት ክሬዲት ስንት እንደሆነ ትጠይቅ።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣች ልጅስ?

ፖርታል ከመግባቷ በፊት ኳሱን ትታ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ትሂድ። በኤፍ 1 ቪዛ ያለች ልጅ ትምህርት ቤት ስትቀይር መዝገቧም በሥርዓቱ መዛወር አለበት፤ ቀን ካለፈ ጣጣው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። በስምና በምስል ገንዘብ ማግኘትም ለእሷ እንደ አሜሪካዊቷ ጓደኛዋ ቀላል አይደለም፣ በዚህ ቪዛ ሥራ መሥራት የተገደበ ነውና። «ሌሎቹ እየወሰዱ ነው» ብላ አትፈርም። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር።

ከአዲሷ አሰልጣኝ ጋር ስንገናኝ ምን እንጠይቅ?

«ልጄ ትሰለፋለች ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን እሷም አታውቀውም። ረዳቶቿ እነማን እንደሆኑ ጠይቁ። የልምምድ ሰዓት ከላቦራቶሪ ትምህርት ጋር ሲጋጭ ማን እንደሚያሸንፍ ጠይቁ። ጉልበቷ የተጎዳ ልጅ መቼ እንደምትመለስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው ወይስ አሰልጣኟ? የመጨረሻው ላይ ካቅማማች ልብ በሉ።

ጥያቄውንም ልጅቷ ራሷ ብትጠይቅ ይመረጣል። አሰልጣኞች ወላጅ ከሚያወራ ልጅ የምታወራ ይወዳሉ።

ስንት ዓመት እንታገስ?

የመጀመሪያውን ዓመት ውጤት አትቁጠሩት። በሁለተኛው ዓመት እሷ የመለመለቻቸው ልጆች ሲገቡ አጨዋወቱ ይታያል። እስከዚያ ግን ቤንቹን እዩት። በቀድሞዋ ጊዜ ታይም አውት ሲጠራ ጫፍ ላይ የሚቀመጡት አራት ልጆች ፎጣ አንገታቸው ላይ ጥለው ጣሪያ ጣሪያ ያዩ ነበር። የእኛዋ ከእነሱ አንዷ ናት። «አሰልጣኟ የምታወራው አይሰማኝም፣ የሚሰማኝ የባንዱ ከበሮ ነው» ትለኝ ነበር።

አዲሷ በመጣች በመጀመሪያው ጨዋታ በ19 ነጥብ ተሸነፉ። በሦስተኛው ሩብ ታይም አውት ጠራች። ሰሌዳዋን አወጣችና ለአምስቱ ተጫዋቾች ሳይሆን ጫፍ ላይ ለነበረችው ለእህቴ ልጅ ሰጠቻት። «ምን እያየሽ ነው? ሳዪልኝ» አለቻት። ልጅቷ ማርከሩን ይዛ ደርቃ ቀረች። ከዚያ አንድ ቀስት ሳለች፤ ወደ ተሳሳተ ቅርጫት ነበር። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ደመሰሰችና እንደገና ሳለች። ያን ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፉ። ከዚያ በፊት በነበረው ስድስት ነበር።